በዜድ የተጻፈ ሁሉ አሜሪካዊ አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰባ ገጽ ያህል ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ አስረከብኩ። በብሪታንያ አጻጻፍ ይሁን ስለተባልኩ ‹ከለር› የሚለውን ቃል ከነዩው፣ ‹ሴንተር› የሚለውንም መጨረሻውን አር-ኢ አድርጌ ጻፍኩ። ‹ኦርጋናይዜሽን›፣ ‹ሪያላይዝ› እና ‹ሪኮግናይዝ› ግን በዜድ ነበሩ። ገምጋሚው ዜዶቹን ሁሉ በቀይ አክብበው ‹የአሜሪካ አጻጻፍ ነው፤ በኤስ ይታረም› ብለው መለሱልኝ። እውነት ዜድ የአሜሪካ ነውን? በኤስ ሲጻፍና በዜድ ሲጻፍ ትርጉሙ ይለያያልን? ለወደፊቱስ የትኛውን ልያዝ?»

መልስ፦ ትርጉሙ አይለያይም። «ኦርጋናይዝ» በኤስ ተጻፈ በዜድ ያው «አደራጀ» ነው፤ አነባበቡም አንድ ነው። ስም ሲሆን በአንዱ፣ ግስ ሲሆን በሌላው ይጻፋል የሚል ደንብም የለም። እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለ የሚያስተምሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ። ዜድ የአሜሪካ ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው፤ በጣም የተስፋፋ፣ ብዙ ጤነኛ ጽሑፍ በቀይ ያዥጎረጎረ ስሕተት።

በአርትዖት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህ ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ስም ማሳየት ነው። ስሙ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኢንተርናሽናል ሌበር ኦርጋናይዜሽን»። ሁለተኛውን ቃል ይመልከቱ። «ሌበር» ከኦ ቀጥሎ ዩ አለበት፤ አሜሪካዊ ቢጽፈው ዩዋን ያስወጣት ነበር። አሁን ዓይንዎን አንድ ቃል ወደ ቀኝ ያሻግሩ። «ኦርጋናይዜሽን» በዜድ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዩዋና ዜዷ ዛሬም በስሙ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዜድ የአሜሪካ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ስም ግማሽ ጎኑ ብሪታንያዊ፣ ግማሽ ጎኑ አሜሪካዊ ነው ልንል ነው። እንዲህ አይደለም። ስሙ ከዳር እስከ ዳር በብሪታንያ አጻጻፍ የተጻፈ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ «የኦክስፎርድ አጻጻፍ» ይባላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የእንግሊዝኛ ሰነዶቹን የሚያዘጋጀው በዚሁ ነው። «ፕሮግራም»ን ኤሟን ሁለት አድርጎ፣ መጨረሻው ላይም ኢ ጨምሮ በብሪታንያ ወግ ይጽፋል፤ «ኦርጋናይዝ»ን ደግሞ በዜድ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት፣ ኔቶም ጭምር በስማቸው ውስጥ ያለውን «ኦርጋናይዜሽን» የሚጽፉት በዜድ ነው። በተቃራኒው ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ የሆነው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በኤስ ይጽፋል። የአውሮፓ ኅብረት ተቋማትም በእንግሊዝኛ ሰነዶቻቸው ኤስን ይመርጣሉ። ሁሉም አውቀው የመረጡ ናቸው፤ ተሳስቶ የጻፈ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከግሪክ ነው። ግሪኮች ግስ የሚያወጡበት «-ኢዘይን» የሚል መድረሻ ነበራቸው፤ በውስጡ ያለችው ፊደል ዜታ ናት። «ባፕቲዘይን»፣ ማጥመቅ፣ አንዱ ምሳሌ ነው። ላቲን የክርስትናን ቃላት ከግሪክ ሲወስድ መድረሻውንም ከነፊደሉ ወሰደና «ባፕቲዛሬ» አለ። ዜድ በላቲን ዘንድ ራሷ እንግዳ ነበረች፤ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የግሪክ ቃላትን ለመጻፍ ሲሉ አስገቧትና ከገበታቸው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ እስከ ዛሬ የመጨረሻዋ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ በተራው ቃሉን ተቀብሎ ዜዷን በኤስ ለወጠ። በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ ኤስ «ዝ» ተብሎ ስለሚነበብ ድምፁ አልተጎዳም። እንግሊዝኛ ከሁለቱም ምንጭ ቀዳ፤ ከፈረንሳይኛ በኤስ የመጣለት አለ፣ ከላቲን በዜድ የመጣለት አለ። ስለዚህ ሁለቱ አጻጻፎች አሜሪካ የምትባል አገር ከመቆሟ ከብዙ ጊዜ አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር አብረው ይኖሩ ነበር።

ታዲያ የአሜሪካ ስም እንዴት ተለጠፈባት? ኖኅ ዌብስተር በ1828 ባወጣው ትልቅ መዝገበ ቃላት «ከለር»ን ያለ ዩ፣ «ሴንተር»ን በኢ-አር አጽንቶ ለአሜሪካኖች የራሳቸውን መልክ ሰጣቸው። ዜድን ግን እርሱ አልፈጠራትም፤ ከእንግሊዝ አገር የመጣችውን ተቀበለ እንጂ። አሜሪካኖች በዜድ ብቻ ረጉ፤ ብሪታንያ ሁለቱንም ይዛ ቀጠለች። በኋላ ደግሞ የብሪታንያ ጋዜጦችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እያደር ወደ ኤስ አጋደሉ። በዚህ መካከል ያደገ አንባቢ ዜድን የሚያያት በአሜሪካ መጻሕፍት ስለሚሆን የአሜሪካ ምልክት አድርጎ ቢይዛት አይፈረድበትም። የሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ የሚያሰምር ሰው ግን መዝገበ ቃላት የመግለጥ ግዴታ አለበት፤ የትኛውንም ትልቅ የብሪታንያ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ያገኛቸዋል።

ኦክስፎርድ ዜድን የሙጥኝ ያለበት ምክንያት ሊሰማ ይገባዋል። ጄምስ ሙሬይ ለረጅም ጊዜ በዋና አዘጋጅነት የመሩት የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 ወጥቶ ሥራው በ1928 ተፈጸመ። የመዝገበ ቃላቱ ክርክር እንዲህ የሚል ነው፦ መድረሻው ከሥሩ ግሪክ ነው፤ የሥሩም ፊደል ዜድ ናት። ሲነበብም «ዝ» ነው። ሥሩም ድምፁም አንድ ፊደል ካመለከቱ፣ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ልማድ ተከትሎ ሌላ ፊደል የሚጽፍበት ምክንያት የለም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ በዚህ ይጸናል። የካምብሪጅ ማተሚያ ቤት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ወደ ኤስ ሲያደላ ኖሯል።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ክርክር ገና ሲሰማው ያውቀዋል። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ይጻፍ ወይስ በእሳቱ ሰ? «ፀሐይ»ስ በፀሐዩ ፀ ወይስ በጸሎቱ ጸ? በሞክሼ ፊደላት ላይ የምንከራከረው ሁሉ ሥሩን ልጠብቅ ወይስ ላቃልለው የሚል ክርክር ነው። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። በግዕዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራውን ሥራ ያመለክታል። እዚያ ፊደሉ ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። የእንግሊዝኛዎቹ ኤስና ዜድ እንዲህ ያለ ሥልጣን የላቸውም፤ በ«ኦርጋናይዝ» ውስጥ የትኛዋም ብትገባ ቃሉ ያው ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፦ ይህን ቃል በእኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው «ኦርጋናይዝ» ይላል እንጂ «ኦርጋናይስ» አይልም። የእኛ ጆሮ ድምፁን ተከትሎ የኦክስፎርድን ወገን ይዟል።

ይሁን እንጂ ለኤስ ወገንም እመሰክራለሁ፤ ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ድምፃቸው ከእነ «ኦርጋናይዝ» ጋር አንድ ሆኖ መድረሻቸው ግን ከግሪክ ያልመጣ፣ በኦክስፎርድም በኤስ ብቻ የሚጻፉ ቃላት አሉ። ሁሉን በኤስ የሚጽፍ ሰው እነዚህን መለየት አያስፈልገውም። በዜድ የሚጽፍ ግን ግድ ሊያውቃቸው ይገባል፤ አለዚያ ዜድ በማይገባበት ቦታ ይከታታል። ዝርዝራቸውን ከመሸምደድ ሥራቸውን ማየት ይቀላል። «ሱፐርቫይዝ»፣ «ሪቫይዝ»፣ «አድቫይዝ»፣ «ቴሌቫይዝ» ውስጥ ያለው «ቫይዝ» ማየት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ሱፐርቫይዝ ከላይ ሆኖ ማየት፣ ሪቫይዝ መልሶ ማየት ነው። በ«ሰርፕራይዝ»፣ በ«ኮምፕራይዝ» እና በ«ኢንተርፕራይዝ» ውስጥ ያለው «ፕራይዝ» በፈረንሳይኛ መያዝ ከሚለው የመጣ ነው፤ ሰርፕራይዝ ማለት ሰውን ሳያስበው ከተፍ ብሎ መያዝ ነው። «ኢንሳይዝ»፣ «ኤክሳይዝ» እና «ሰርከምሳይዝ» የመቁረጥ ዘር ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል በቃል «ዙሪያውን መቁረጥ» ነው፣ እኛ መግረዝ የምንለው። (እዚህ ላይ ኤክሳይዝ የምለው ቆርጦ ማውጣትን ነው፤ የኤክሳይዝ ታክሱ ሌላ ምንጭ ያለው ቃል ነው፣ እርሱም በኤስ ይጻፋል።) «ኮምፕሮማይዝ» ከ«ፕሮሚስ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። «አድቨርታይዝ» እና «ኤክሰርሳይዝ»ም የየራሳቸው ሥር አላቸው፤ ከግሪኩ መድረሻ ጋር ዝምድና ስለሌላቸው ዜድ አይነካቸውም።

በኤስ የሚጽፉትም ፈጽሞ አያርፉም። «ሳይዝ»፣ ሽልማት የሆነው «ፕራይዝ»፣ ጀልባ ሲገለበጥ የሚባለው «ካፕሳይዝ» የትም አገር በዜድ ናቸው።

በዜድ ወገን ካሉት ወጥመዶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። «ክሪቲሳይዝ» በዜድ ቢጻፍም «ክሪቲሲዝም» ጆሮ «ዝ» እየሰማ በኤስ ብቻ ይጻፋል፤ መድረሻው ሌላ ነው። «ኤምፋሳይዝ» ደግሞ ሁለት ቦታ አለው፤ የመጀመሪያው «ኤምፋሲስ» ከሚለው ስም የመጣ ስለሆነ ሁልጊዜ ኤስ ነው፣ ዜድ የምትፈቀደው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ቦታቸውን አለዋውጠው የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን «አናላይዝ» ነው። ድምፁ ከ«ኦርጋናይዝ» ጋር አንድ ይመስላል፤ ሥሩ ግን «-ኢዘይን» አይደለም። የግሪኩ ቃል መፍታት ማለት የሆነው «ሊሲስ» ነው፤ «አናሊሲስ» የተቋጠረን ነገር ፈታ አድርጎ ማየት ነው። በሥሩ ውስጥ ያለችው ፊደል ኤስ ናት። ስለዚህ ኦክስፎርድ ሥርን እጠብቃለሁ እስካለ ድረስ «አናላይዝ»ን፣ «ፓራላይዝ»ን እና «ካታላይዝ»ን በኤስ ይጽፋል። አሜሪካኖች ሥሩን ትተው ድምፁን በመከተል እነዚህንም በዜድ አደረጓቸው። ስሙ «አናሊሲስ» ግን በአሜሪካም ቢሆን ዜድ አይገባበትም።

ይህ ልዩነት ለሥራ ይጠቅማል። አንድ ሰነድ በየትኛው ወግ እንደተጻፈ ማወቅ ስፈልግ ሦስት ቃላት እፈልጋለሁ፦ «ከለር» ወይም «ሌበር»፣ ቀጥሎ «ኦርጋናይዝ»፣ ቀጥሎ «አናላይዝ»። ዩ ከሌለና ሁለቱ ግሶች በዜድ ከሆኑ ጽሑፉ አሜሪካዊ ነው። ዩ ካለና ሁለቱም በኤስ ከሆኑ ዛሬ በብሪታንያና በአውስትራሊያ የተለመደው ነው። ዩ ኖሮ «ኦርጋናይዝ» በዜድ፣ «አናላይዝ» በኤስ ከሆነ ኦክስፎርድ ነው። ዩ ኖሮ ሁለቱም በዜድ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ካናዳዊ እጅ ያረፈበት ነው። እርስዎ በሪፖርትዎ ውስጥ «አናላይዝ»ን እንዴት እንደጻፉት አልነገሩኝም። በዜድ ጽፈውት ከሆነ በዚያ ቃል ላይ ገምጋሚው ልክ ናቸው፤ የብሪታንያ የሚባል አንድም ወግ አይደግፍዎትም።

አሁን ቀድሜ ወደ ተውኩት ልመለስ፤ ፊደል ሲለወጥ የቃሉ ሙያ የሚለወጥባቸው ቃላት በእርግጥ አሉ። በብሪታንያ «ፕራክቲስ» ስም ሲሆን በሲ፣ ግስ ሲሆን በኤስ ይጻፋል። «ላይሰንስ»ም እንዲሁ ነው፤ የመንጃ ፈቃዱ በሲ፣ መፍቀዱ በኤስ። አሜሪካኖች ይህን ልዩነት አይጠብቁም፤ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ በሲ፣ ሁለተኛውን ሁልጊዜ በኤስ ይጽፉታል። ለስም አንድ ፊደል፣ ለግስ ሌላ ፊደል የሚለው ሐሳብ ወደ «ኦርጋናይዝ» የተሻገረው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ግን ቦታ የለውም። በኤስና በዜድ ትርጉም የሚለይ ቃል ካስፈለገ «ፕራይዝ» አለ። በዜድ ሽልማት ነው፤ በኤስ ግን በብሪታንያ እንግሊዝኛ የተጣበቀን ወይም የተዘጋን ነገር በብረት ፈልቅቆ መክፈት ነው። ክዳን ፈለቀቀ ለማለት ፈልጎ በዜድ የጻፈ የብሪታንያ ጸሐፊ አንባቢውን ግራ ያጋባል።

ወደ እርስዎ ሰነድ እንምጣ። ሥራውን የሰጠው ክፍል የአጻጻፍ መመሪያ ካለውና መመሪያው ኤስ የሚል ከሆነ ያለ ክርክር በኤስ ያድርጉት። የቤት ደንብ ይከበራል፤ ዜድ ስሕተት ስለሆነች ሳይሆን ሰነዱ የእነርሱ ስለሆነ ነው። መመሪያ ከሌለ ምርጫው የእርስዎ ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ሥራዎ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ወይም ኦክስፎርድን ከሚከተሉ አሳታሚዎች ጋር የሚያያዝ ከሆነ ዜድን ይያዙ፤ ለብሪታንያ ጋዜጣ ወይም ለአውሮፓ ኅብረት ተቋም ከሆነ ኤስን። አንዱን ከያዙ በኋላ «ኦርጋናይዝ» በዜድ ሆኖ ሁለት መሥመር ዝቅ ብሎ «ኦርጋናይዜሽን» በኤስ መገኘት የለበትም፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ ወጥነት ውጭ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የተቋም ስምና ጥቅስ። ሰነድዎ በሙሉ በኤስ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ስም በዜድ ይቆያል። ሰነድዎ በሙሉ በዜድ ቢሆንም የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ስም በኤስ ይቆያል። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቃል በቃል የጠቀሱትም ባለቤቱ እንደጻፈው ይኖራል። ገምጋሚው «ዜዶቹ ሁሉ ይታረሙ» ብለው ከሆነ የተቋማቱ ስሞች አብረው እንዳይበላሹ አደራ።

የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚ በዚህ ብዙም አያግዝዎትም። ቋንቋውን የብሪታንያ እንግሊዝኛ ሲያደርጉት በአብዛኛው ሁለቱንም አጻጻፍ ይቀበላል፤ በአንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ቢገኙ እንኳ ቀይ መሥመር አያሰምርም። በአንድ ትእዛዝ ሁሉን ልለውጥ ማለት ደግሞ የባሰ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቀነ ገደብ ደርሶብኝ በኤስ የተጻፈ ረጅም ሰነድ ወደ ዜድ ለመቀየር አይ-ኤስ-ኢ በተገኘበት ሁሉ አይ-ዜድ-ኢ እንዲተካ አዘዝኩ። ሰነዱን መልሼ ሳነበው «ፕሮሚስ» ተበላሽቷል፤ «ኖይዝ»፣ «ሬይዝ»፣ «ኦዘርዋይዝ» እና «ኤክሰርሳይዝ» ሁሉም ዜድ ገብቶባቸዋል። «ኦርጋናይዜሽን» ደግሞ፣ ዋናው የፈለግሁት ቃል፣ ሳይነካ በኤስ ተቀምጧል፤ ከኤሷ ቀጥላ ያለችው ኤ እንጂ ኢ አይደለችምና። «ኦርጋናይዚንግ»ም በአይ ስለሚቀጥል አምልጧል። ሌሊቱን ሙሉ ገጽ በገጽ ስለቅም አደርኩ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው፦ አይ-ኤስ የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ አስፈልግና እያንዳንዱን ግኝት እያየሁ እለውጣለሁ ወይም እዘልላለሁ። ለሰባ ገጽ ሰነድ ብዙ ሰዓት አይወስድም።

ለገምጋሚው ደግሞ በትሕትና እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ «ሪፖርቱ የተጻፈው በኦክስፎርድ አጻጻፍ ነው፤ ይህም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚጠቀምበት የብሪታንያ እንግሊዝኛ ነው። በመመሪያችሁ ኤስ የሚመረጥ ከሆነ ያሳውቁኝና እለውጣለሁ።» ከመላክዎ በፊት ግን ሰነዱን ከፍተው መጀመሪያ «አናላይዝ»ን፣ ቀጥሎ «ሱፐርቫይዝ»ን፣ ቀጥሎ «ሪቫይዝ»ን ያስፈልጉ። በእነዚህ ላይ ዜድ ካገኙ ቀድመው ያርሟቸው።